የባለወፍጮው ኖራ

አንድ ባለወፍጮ ነበር። ስሙ ጎቤር፣ አገሩ ፈረንሳይ፣ ዘመኑም መኳንንትና መነኮሳት መሬቱን ተካፍለው የያዙበት የጥንቱ ዘመን ነው። በወንዙ ላይ ያለው ወፍጮ አንድ ብቻ ስለነበር የመንደሩ ሰው ከጎቤር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ጎቤር ሁለት ቁና ነበረው። የወፍጮውን ድርሻ ሲወስድ በትልቁ ይሰፍራል፤ ዱቄቱን ሲመልስ በትንሹ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

የተናገረው ሠዓሊው ነው። መንደሩ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኑን ሠርቶ ሲጨርስ ከሩቅ አገር የመጣ ሠዓሊ በቀኙ ግድግዳ ገነትን፣ በግራው ሲኦልን ሣለ። ሕዝቡ ሊያይ ሲገባ፣ በሲኦሉ መካከል ሁለት ሰይጣኖች ጉንጩ የቀላ ቦርጫም ሰው አንጠልጥለዋል፤ አንገቱ ላይ ትልቅ ቁና ታስሯል። ስም አልተጻፈበትም። አላስፈለገውም።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ልማድ አወጡ። ከጸሎት ሲወጡ በገነቱ በኩል የቅዱሳኑን እግር ይስማሉ፤ በሲኦሉ በኩል ሲያልፉ ደግሞ የባለወፍጮውን አፍንጫ በጥፍራቸው ፋቅ ያደርጋሉ። ጎቤር ይህን ከኋላ ሆኖ ባየ ቁጥር እጁ ሳያውቀው ወደ አፍንጫው ይሄዳል። የባሰው ግን ሌላ ነበር። ልጁን ለማጨት ከሌላ መንደር የመጡ ሰዎች ለቅዳሴ ገብተው ግድግዳውን አዩና ሳይሰናበቱት ሄዱ።

ወደ ቄሱ ሄደ።

«አባ፣ ያንን ሰውዬ ያጥፉልኝ።»

«የቱን ሰውዬ? ሲኦል ውስጥ ብዙ ሰው አለ፤ አንተ የምታውቀው የትኛውን ነው?»

የጎቤር እጅ ወደ አፍንጫው ሄደ።

«ስማኝ» አሉት ቄሱ። «እሑድ ትልቁን ቁና ይዘህ ና። ሕዝቡ እያየህ በመጋዝ ቁረጠው። በዚያኑ ዕለት ሥዕልህን እኔው ራሴ እፍቀዋለሁ።»

«ብቆርጠውማ ሌባ ነበርኩ ማለት አይደለም?»

«አፍንጫህን የሚፍቁት ታዲያ ጻድቅ ነህ ብለው መሰለህ?»

በሩ ላይ የተቀመጠች ኤርሳንድ የምትባል ባልቴት ይህን ሰምታ ሳቀች።

«አንተ ጎቤር፣ ምን አስቸኮለህ? አፍንጫህ እኮ አለቀ! የኛ ጥፍር ይህን ከሠራ ጉንጭህን ልጆቻችን ይጨርሱታል። ዝም ብለህ ተፋቅ።»

«ይቀልዱብኝ፣ እመት ኤርሳንድ።»

«ቀልድ አይደለም። ሰው ነን፣ ይሰለቸናል። ቁናህን ብታሳንስ ደግሞ ቶሎ ይሰለቸናል።»

ጎቤር መጋዙንም አላነሣ፣ እስኪሰለቻቸውም አልጠበቀ። በዚያው ዓመት ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። በሽታው ሲያልፍ ጎቤር በሕዝቡ ፊት ቆመና «ለጸሎት የመጡት ሕመምተኞች የተደገፉት የግራውን ግድግዳ ነው፤ ደዌው ድንጋዩ ውስጥ ሰርጓል፤ በኖራ ይቀባ፤ ኖራው በእኔ» አለ። የፈራ ሰው አይከራከርም፤ ቄሱም ፈርተው ነበር። ጎቤር ብሩሹን ለማንም አልሰጠም። ራሱ ደርቦ ደራርቦ ቀባው፤ ግድግዳው እንደ በፍታ ነጣ።

ኖራውም ሠራለት። ልጁን ዳረ። ሁለቱን ቁናዎች ይዞ ኖረ። የሚፋቅ አፍንጫ ስለሌለ ወሬውም ከባልቴቶቹ ጋር መቃብር ወረደ። ሲሞት «ቤተ ክርስቲያናችንን ከደዌ ያነጻ» ተብሎ ተለቀሰለት፤ የልጅ ልጆቹም በስሙ ይምሉ ነበር።

ዘመን አለፈ። ነገሥታት ወደቁ፣ ጦር መጣ፣ ጦር ሄደ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ቆመ። የገነቱን ግድግዳ የሻማ ጢስ አጠቆረው። ከንፈርና እጅ ስላልተለያቸው የቅዱሳኑ መጀመሪያ እግራቸው፣ ከዚያ ልብሳቸው፣ በመጨረሻም ፊታቸው አለቀ። ወደ ሲኦሉ ጢስም እጅም አልደረሰም። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ኖራው እንደ ቁስል ቅርፊት ተላጠ። ባለወፍጮውም ወጣ፤ ጉንጩ ትናንት የተቀባ ይመስላል፣ ቁናው እንዳለ ነው፤ የጎደለው አፍንጫው ብቻ ነው።

ዛሬ ያንን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠራውም «የሌባው ባለወፍጮ» እያለ ነው። በመንደሩ የባለወፍጮ ዘር የሚባል ቤተሰብ አንድ ብቻ ስለሆነ የማን አያት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እንግዳ ወደ ቀኙ ግድግዳ ዞሮ «እዚህኛው ላይስ ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ «ገነት ነበር ይባላል» ይሉታል።

የወደዱትን ስመው ጨረሱት፤ ያፈሩበትን ሸፍነው አቆዩት። ከአባቶች የደረሰንን ሁሉ ፍቅር ያቆየው የሚመስለው ካለ ይህን ግድግዳ ያስብ። አደባባይ የዋለ ነውር ጥፍር ይበላዋል፣ ሰውም ይሰለቸዋል። የተለበጠ ነውር ግን ቀለሙ ሳይደበዝዝ፣ ባለቤቱ መልስ ሊሰጥ የማይችልበትን ቀን ይጠብቃል። ጎቤር ቁናውን ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ በዚያው እሑድ ይጠፋ ነበር።

እርስዎ ቢሆኑ የሚያነሡት መጋዙን ነበር ወይስ ብሩሹን?