«እንጨት» የተባለው ዛፍ

አንድ ዛፍ ቆጣሪ ነበረ። አትሳቂ ትርሲት፣ እውነቴን ነው፤ የሰውየው ሥራ ዛፍ መቁጠር ነበር። «ጋሼ፣ ከሃምሳ አራት ተማሪዎቼ ስድስቱ ጎበዞች ናቸው፤ የቀሩትን በሙሉ ‹ደካማ› ብዬ ብመዘግብ ምን አለበት?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? እንግዲያው ጆሮሽን ስጪኝ።

ይህ ሰው ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ወደማያጣው አገር ተላከ። እዚያ አንድ ትልቅ ጫካ አለ። የላኩት ሰዎች ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነገሩት፦ ጫካው ውስጥ ሠላሳና ከዚያ በላይ ዓይነት ዛፍ ከተገኘ ሳይነካ ይጠበቃል፤ ከሠላሳ ካነሰ ግን ተመንጥሮ ሻይ ይተከልበታል። የመጨረሻው ቃል የቆጣሪው ነው።

ቆጣሪው ጠንቃቃ ነበር። ቦታውን በገመድ ይከልላል፤ ክልሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ደረቱ ትክክል ላይ ዙሪያውን ይለካል፤ ቀይ ቀለም ቀብቶ ቁጥር ይሰጠዋል። አንዲት ግንድ አታመልጠውም። ብቻ ለአገሩ እንግዳ ስለሆነ የዛፎቹን ስም የሚነግረው ሰው አስፈለገው። በመንደሩ ስመ ጥር የሆነ አንድ አናጢ ነበረና እሱን ይዞ ገባ።

አናጢው አያመነታም። «ይሄ ዋንዛ ነው፤ ለበር የሚያክለው የለም። ይሄ ቀረሮ። ይሄ ጥቁር እንጨት።» ቆጣሪው ይጽፋል። ትንሽ እንደሄዱ አንድ ጠማማ ዛፍ ዘንድ ደረሱ።

«ይሄስ?»

«ይሄማ እንጨት ነው» አለና አናጢው አልፎት ሄደ።

ቆጣሪያችን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥቁር እንጨት የሚባል ዛፍ ካለ ዝም ብሎ እንጨት የሚባልም አይጠፋም ብሎ «እንጨት» ሲል ጻፈልሽ! ከዚያ በኋላማ እንጨቱ በዛ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ግንድ «እንጨት» ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ሲደምር አሥራ ሁለት ዓይነት ብቻ ወጣለት፤ ያውም «እንጨት»ን ጨምሮ። ክፉኛ አዘነ። ጫካውን ወዶት ነበር። ነገር ግን ሐሰት የሚጽፍ ሰው አይደለም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መንገድ ጀመረ።

ከጫካው ሊወጣ ሲል አንድ ሽማግሌ ንብ አናቢ ከዛፍ ላይ ሆነው ጮኹበት። ቀፎ የሰቀሉበት ዛፍ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አግኝተውት ተናደዋል። «ሰውዬ፣ ዛፌን ምን ልታደርገው ነው?»

«ቆጥሬው ነው አባባ።»

«ምን ብለህ?»

«እንጨት።»

ሽማግሌው እስኪወርዱ ሳቁ፤ ወርደውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንተ የዋህ! እንጨት ያልሆነ ዛፍ የቱ ነው? የዚህ ስሙ ገተማ ነው እንጂ! ነጩን ማር የምናገኘው ከሱ አይደል? ማነው እንጨት ነው ያለህ?»

«አናጢው።»

«እሱ ምን ያድርግ፤ በርና አልጋ የማይወጣውን ሁሉ እንጨት ነው የሚለው። ለማገዶ ማለቱ እኮ ነው!»

ቆጣሪው አሁን ገባው። በአንድ ቃል ስንት ቀፎና ስንት ዛፍ ሊያስጠፋ ነበር! ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና እዚያው ብጭቅጭቁን አወጣው። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «አባባ፣ ከፊት ይምሩኝ» አለ።

ሽማግሌው ዛፍ የሚያውቁት በአበባው ነው። ይህኛው ማሩን ያመርረዋል፣ ያኛው ከክረምቱ ቀድሞ ያብባል እያሉ ዓይነቱን ሃያ ስድስት አደረሱለት። ከዚያ አንዱን ዛፍ ዘለሉት።

«ይሄስ አባባ?»

«ይሄ ለንብ አይሆንም። ዝም ብሎ ቅጠል ነው።»

አሁን የመሳቅ ተራው የቆጣሪው ሆነ። «እርስዎም!» አላቸው። ሽማግሌው ክው አሉ፤ ወዲያው እሳቸውም አብረውት ሳቁ። ሥር እየማሰች በሽተኛ የምታክም ሴት ከመንደር ተጠራችና ልጡን ላጥ፣ ሽተት እያደረገች ዘጠኝ ዓይነት ጨመረች። እሷም ያላወቀቻቸው ጥቂት ዛፎች ቀሩ። ቆጣሪው ቅጠላቸውን በጋዜጣ መሀል እያደረቀ «ያላወቅሁት አንድ፣ ያላወቅሁት ሁለት» እያለ እስከ ስድስት ጻፈ። አርባ አንድ ዓይነት! ጫካው ተረፈ፤ ሻዩ ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

እና ትርሲት ልጄ፣ አንቺ ጎበዝ የሒሳብ አስተማሪ ነሽ። ስድስቱን ያወቅሻቸው በሒሳብ ነው፤ ልክ ነሽ፣ አናጢውም ስለ ዋንዛው ልክ ነበር። አናጢው ቢያልፋቸው ዛፎቹ ምንም አይሆኑም ነበር፤ ቆጣሪው ግን ጻፈው። አሁን ብዕሩ ያለው ባንቺ እጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአማርኛውን አስተማሪ ጠይቂ፤ የስፖርቷን ጠይቂ። በር ላይ ያሉትን ዘበኛ ሳይቀር ጠይቂ፤ የትኛው ልጅ የተጣሉትን አስታርቆ እንደሚያስገባ ያውቃሉ። ማንም ያላወቀው ልጅ ከቀረ ከስሙ ጎን «ገና አላወቅሁትም» ብለሽ ጻፊ። አያሳፍርም። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጻፍኩም፤ ስንቱን ልጅ እንጨት ብዬ እንዳለፍኩት ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።