የኮምፒውተሩ ደባል

አንዲት ምላሷ የማያርፍ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ድንበሩ፣ አንዱን ኮምፒውተር በሚያዘው ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ማስገባቷን ሰምተው በቁጣ አስጠሯት።

«በአንድ ኮምፒውተር ሁለት አዛዥ? አስረጂኝ፤ አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ!»

«የውስጡ ደባል ነው እንጂ አዛዥ አይደለም። የውጪው በፈቀደለት ልክ ይሠራል፣ ዝጋ ሲለው ይዘጋል። እሱ ግን ኮምፒውተሩ በሙሉ የራሱ ይመስለዋል።»

«እንዴት ያለ ቂል ነው!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ይኼኔ ስልኩ ጮኸ፤ የበላያቸው ናቸው። አቶ ድንበሩ ዘለው ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ «አቤት ክቡርነትዎ! እሺ! እንዳሉት!» እያሉ ለስልኩ እጅ ነሱ። ዘግተው ሲያበቁ ደረታቸውን ነፍተው ተቀመጡ።

«በይ፣ ማብራሪያሽን ጨርሺ።»

«ከዚህ በላይ ምን እጨምራለሁ ጌታዬ?» አለች፤ «እርስዎ ራስዎ ቆመው አሳዩት እኮ!»