አንደኛ የወጣው የአያ ጅቦ ዩኒቨርሲቲ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት፣ ቡሊት የምትባል አንዲት ወጣት አህያ ከዘመዶቿ ጋር በአንድ ሸለቆ ውስጥ ትኖር ነበር። የሸለቆው ምንጭ ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄዶ፣ አህዮቹ ውሃ የሚጠጡት ተራ ይዘው ነበር። ቡሊት ይህን እያየች አንድ ነገር ወሰነች፤ ከመሬት በታች ያለው ውሃ የት እንደሚገኝ የሚያውቅና ቆፍሮ የሚያወጣ ባለሙያ ለመሆን።

በዚያ አገር ሃያ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። እመት ቀበሮ በየዓመቱ ሃያውንም ከአንደኛ እስከ ሃያኛ ትደረድርና ሰንጠረዡን በትልቁ ዋርካ ግንድ ላይ ትለጥፋለች። በዚያ ዓመት አንደኛ የወጣው የአያ ጅቦ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአቶ ከርከሮ አስራ ዘጠነኛ ሆነ።

ለአንድ አመልካች በዓመት የሚፈቀደው አንድ ማመልከቻ ብቻ ነው። ቡሊት አባቷን፣ «አባዬ፣ ለአቶ ከርከሮ ባመለክት ይሻለኛል። አሁን ሩቅ አገር ያለችው የአክስቴ ልጅ እዚያ ተምራ አይደል ማዶ ያለውን ጉድጓድ ያወጣችው?» አለችው።

አባቷ ጆሮውን አቆመ። «አስራ ዘጠነኛ? አንደኛ መግባት የምትችል ልጅ እያለችኝ፣ አስራ ዘጠነኛ ገባች ብዬ ለዘመድ ላወራ ነው?»

«ግን አንደኛ የተባለው በምንድን ነው?»

«አንደኛ አንደኛ ነዋ! እመት ቀበሮ ከእኔም ከአንቺም የተሻለ ታውቃለች።»

ቡሊት ከሰንጠረዡ ግርጌ በደቃቁ የተጻፈ ነገር አይታ ነበር። ልታነበው ጠጋ ስትል ግን ከኋላ የተሰለፉት «ቶሎ በይ እንጂ!» እያሉ ገፈተሯት። እንደ አባቷ ፍላጎት ለአያ ጅቦ አመለከተች። ከመቶ አመልካች አራት ብቻ ሲያልፉ አንዷ እሷ ሆነች። አባቷ ደስታውን አልቻለውም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሸለቆውን እየዞረ ሲያናፋ ሰነበተ።

የአያ ጅቦ ዩኒቨርሲቲ በር ከሩቅ ይታያል። ከበሩ ጀርባ ያለው ግን የአጥንት ክምር ነው፤ ኮረብታ የሚያህል። ቡሊት ክምሩን ዞራ አያ ጅቦን አገኘችና፣ «የውሃ ፍለጋ ትምህርት ክፍል በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች።

አያ ጅቦ አፉን በመዳፉ ጠረገ። «የምን ክፍል? አዎ፣ እሱም አለን። አስተማሪው ጃርት ነው። አሁን አጥንት ሊለቅም ወጥቷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ሲሞላለት።»

«አያ ጅቦ፣ አስተማሪ ለምን አጥንት ይለቅማል?»

«ታዲያ አንደኛ እንዴት የወጣን መሰለሽ? ቀበሮ የምትቆጥረው አጥንት ነው። ብዙ አጥንት ያለበት ግቢ ብዙ እውቀት አለበት ትላለች። እኔ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። አጥንት ሰብስብ የተባለ ጅብ ለምን ብሎ ይጠይቃል?» አለና ከክምሩ አንዱን መዝዞ ቆረጠመው። «እርግጥ ሲርበኝ ቁጥሩ ይጎድላል። ለዚህ ነው አስተማሪዎቹ የማያርፉት።»

ዓመቱን ሙሉ ቡሊት ጃርትን ያየችው ሦስት ጊዜ ነው። በሦስተኛው ጊዜ እሾኹ ተሰባብሮ፣ እግሩ አብጦ ነበር።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። «የውሃን ነገር አውቃለሁ፤ ላስተምርሽም እወዳለሁ። ግን አንድ ቀን ሳስተምር ከዋልኩ የዚያን ቀን አጥንት ማን ይለቅምልኛል? ማስተማሬን የሚቆጥርልኝ የለም።»

በቀሩት ቀናት ተማሪዎቹ መጮህ ተማሩ። ይህን የሚያስተምረው ራሱ አያ ጅቦ ነው። ጩኸት ከሩቅ ከተሰማ ስም ይታወቃል፤ ስም ከታወቀ ደረጃ ከፍ ይላል።

ቡሊት ዲፕሎማዋን ይዛ ስትመለስ የሸለቆው ምንጭ ደርቆ ጠበቃት። ዘመዶቿ የግማሽ ቀን መንገድ እየተጓዙ ከማዶው ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። መንገዱን ያልቻሉ ሁለት ውርንጭሎች ሞተዋል።

«ይኸው ልጄ መጣች! አንደኛው ቤት የተማረችው!» ብሎ አባቷ ሁሉንም ሰበሰበ። «በይ ንገሪን፣ የት እንቆፍር?»

ቡሊት መሬቱን አሸተተች። ዳገቱን አየች፤ ቁልቁለቱን አየች። ምንም አልነገራት።

«አላውቅም» አለች።

«ዓመቱን ሙሉ ምን ስትማሪ ነበር?»

«መጮህ።»

የሞቱት ውርንጭሎች እናት ከፊት ቆማ ነበር። አልሰደበቻትም፤ አንገቷን አዙራ ወደ ማዶው መንገድ መሄድ ጀመረች። ለቡሊት ከስድብ ሁሉ የባሰባት ይሄ ነው። መጀመሪያ አፈረች፤ ቆይቶ ግን ሀፍረቷ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ዲፕሎማዋን በጥርሷ ነክሳ በቀጥታ አያ አንበሶ ችሎት ወደሚቀመጥበት ሜዳ ሄደች። ቀበሮም ጅብም እዚያው ነበሩ።

«እመት ቀበሮ፣ ጉድ ሠርተውናል!» አለች በሁሉም ፊት።

ቀበሮ ጅራቷን አስተካከለች። «አንድም ውሸት አልጻፍኩም። አጥንቱን ቆጥሬያለሁ፤ ልክ ነው። ጅብ ስንት አመልካች ሳይቀበል እንደመለሰ ቆጥሬያለሁ፤ ልክ ነው። ስንት እንስሳ ስሙን እንደሚያውቀው ጠይቄያለሁ፤ እሱም ልክ ነው። ሁሉም ከሰንጠረዡ ግርጌ ተጽፏል። አለማንበብሽ የኔ ጥፋት ነው?»

«አለማንበቤ የኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። እርስዎስ? ተማሪ በዓመት ስንት ቀን አስተማሪውን ያያል ብለው ቆጥረዋል? ተምሮ የወጣውስ ምን ሠራ ብለው ጠይቀዋል?»

«ያንን መቁጠር አድካሚ ነው፤ በየሸለቆው መዞር ይጠይቃል። አጥንት ግን ባለበት ይቆያል።»

«ስለዚህ የሚቀለውን ቆጥረው ‹ከሁሉም አንደኛ› ብለው በትልቁ ጻፉት!» አለች ቡሊት። «የአቶ ከርከሮ ተማሪዎች ዘጠኝ ጉድጓድ አውጥተዋል። አጥንት ስላልከመሩ እርስዎ ዘንድ አስራ ዘጠነኛ ናቸው። እኛ በእርስዎ ቁጥር አምነን ዓመት ስንጠብቅ ውርንጭሎች በጥም አለቁ! ጃርትን የሚያህል አዋቂ ለቃሚ ሆኖ ቀረ! ልክ ነው የሚሉኝ የትኛውን ነው?»

አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቀበሮ እኔንም ጠይቃኛለች» አለ፣ ወደ መሬት እያየ። «የማንን ዩኒቨርሲቲ ያውቃሉ አለችኝ። የጅብን አልኳት። ሲጮህ ስለምሰማው ነው እንጂ ግቢውን ረግጬው አላውቅም።»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። «አጥንቱ የማይቆጠር ከሆነ ልበላው እችላለሁ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

አንበሳ ፈረደ። ቀበሮ «ከሁሉም አንደኛ» የሚለውን እንድትፍቅ፣ ምን እንደቆጠረችና ምን እንዳልቆጠረች ከሰንጠረዡ አናት ላይ በትልቁ እንድትጽፍ አዘዘ። ቀበሮም ጻፈች። ያም ሆኖ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዋርካው ሥር ከተሰለፉት ብዙዎቹ ጽሑፉን ዘለው ቁጥሩን ብቻ አይተው ሄዱ። ይህ ያናድዳል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ቡሊት ለአቶ ከርከሮ አመለከተች። ከማመልከቷ በፊት ግን እዚያ የተማሩትን አንድ በአንድ ፈልጋ፣ ማን እንዳስተማራቸውና አሁን ምን እንደሚሠሩ ጠየቀች። የከርከሮ ግቢ በር እንኳን የለውም። በመጀመሪያው ቀን አቶ ከርከሮ ተማሪዎቹን ወደ ደረቅ አሸዋ ወስዶ፣ «ቆፍሩ፤ ስትሳሳቱ እነግራችኋለሁ» አላቸው። ደጋግማ ተሳሳተች፤ ደጋግሞ ነገራት።

ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሸለቆዋ ተመልሳ ከአንድ ሾላ ሥር መቆፈር ጀመረች። አባቷ አጠገቧ ሆኖ አፈሩን ያወጣ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ አላናፋም። በሁለተኛው ቀን ቀና ሳይል፣ «ልጄ፣ ያኔ ልሰማሽ ይገባኝ ነበር» አላት። በአራተኛው ቀን ውሃው ደፍርሶ ፈለቀ። አህዮቹ እስኪጠራ አልጠበቁም።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድን ዩኒቨርሲቲ በደረጃው ከመምረጣችን በፊት ያንን ደረጃ ማን፣ ምን ቆጥሮ እንደሰጠው መጠየቅና እኛ ልንማር የፈለግነው ነገር እዚያ በእርግጥ የሚሰጥ መሆኑን ተምረው ከወጡት ማጣራት እንዳለብን ነው።