አልነድ ያለው ናፍጣና የስንዱ መቶ ጫጩቶች

ተረት ተረት። «የላም በረት» ብላችሁ ለመመለስ የቸኮላችሁ ቆዩ፤ የዛሬው የጫጩት ቤት ነው።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ኅዳር ሲገባ ሣሩ በጠዋት ጨው የተነሰነሰበት በሚመስልበት ሰፈር፣ ስንዱ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። የዚያን ቀን ጠዋት መቶ የአንድ ቀን ጫጩቶች በካርቶን መጡላት። ስድስት ወር ሙሉ ተራ የጠበቀችላቸው ናቸው። እነሱ ካለቁ ተራዋም አለቀ፣ ሌላ የሚሰጣት የለም። እና የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ጫጩቶቹ እንዲበሉላት።

ጫጩት ደግሞ ሳይሞቀው አይበላም። ለዚህ ብሎ ባሏ አለልኝ አንድ አሮጌ ማሞቂያ ገዝቶ ተክሎላታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ ናፍጣ የያዘ በርሜል አለ። ናፍጣው በቀጭን ቱቦ ይመጣል፣ እሳት ይሆናል። እሳቱ ውሃ ያፈላል። ውሃው በግድግዳው ዙሪያ በተዘረጋ ቧንቧ ይዞራል፣ ቤቱ ይሞቃል። በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። አለልኝም በአፉ ነግሯት ወደ ሥራው ሄደ።

ስንዱ መኖውን በተነች። ጫጩቶቹ ግን ጥግ ላይ ተቆልለዋል፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

«ብሉ እንጂ» አለቻቸው።

«አንበላም» አሉ ጫጩቶቹ። «በርዶናል። ከታች ያሉት ደግሞ እየታፈኑ ነው። ቤቱን ጠይቂው።»

አማቷ እማማ ጥሩነሽ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። «ጫጩት በመኪና ነዳጅ ሲያድግ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ ተዉኝ» አለች ስንዱ፤ ወደ ቤቱም ዞረች። «አንተ ቤት፣ ጫጩቶቹ አልበላ አሉ። አሙቃቸው እንጂ።»

ቤቱ ምን አለ? «እኔ ጭቃና ቆርቆሮ ነኝ። ቧንቧው ካላሞቀኝ ሙቀት ከየት አመጣለሁ? ቧንቧውን ጠይቂው።»

ስንዱ ቧንቧውን በእጇ ያዘችው። እጇን መልሳ ብብቷ ውስጥ ከተተች። «አንተ ቧንቧ፣ ቤቱ ጫጩቶቹን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቶቹ አልበላ አሉ። ቤቱን አሙቀው እንጂ።»

ቧንቧው ምን አለ? «እኔ መንገድ ነኝ። መንገድ በራሱ ይሞቃል? በእኔ ላይ የሚሄደው ውሃው ነው። ውሃውን ጠይቂው።»

ወደ ማሞቂያው ሄደች፤ የውሃውን ጋን በጉልበቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። «አንተ ውሃ፣ ቧንቧው ቤቱን አላሞቅ አለ፣ ቤቱ ጫጩቶቹን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቶቹ አልበላ አሉ። ቧንቧውን አግለው እንጂ።»

ውሃው ምን አለ? «ሴትዮ፣ ውሃ በራሱ ፈልቶ ያውቃል? ምን ላይ ተጥጄ ነው የምፈላው? እሳቱን ጠይቂው።»

እሳቱን ለመጠየቅ እሳቱ መኖር አለበት። በትንሿ መስታወት አጮልቃ አየች፤ ጨለማ ነው። ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ እህህህ አለ፣ ጠጠጠ አለ፣ ቀይ መብራት አብርቶ ዝም። እንደገና ተጫነች። እህህህ፣ ጠጠጠ፣ ዝም።

«አንተ እሳት» አለች በመስታወቷ ውስጥ፣ «ውሃው ቧንቧውን አላግል አለ፣ ቧንቧው ቤቱን አላሞቅ አለ፣ ቤቱ ጫጩቶቹን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቶቹ አልበላ አሉ። ውሃውን አፍላው እንጂ፣ ምን ሆነሃል?»

እሳቱ ከጨለማው ውስጥ ምን አለ? «እኔ ገና አልተወለድኩም። ሳያጎርሱኝ ምን በልቼ ልወለድ? አፍንጫውን ጠይቂው።»

አፍንጫ የሚባለው የቱ እንደሆነ ስንዱ አታውቅም። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ለአለልኝ ደወለችለት።

«አጥፊና መልሰሽ አብሪው» አለ አለልኝ።

«አምስት ጊዜ አጠፋሁ፣ አምስት ጊዜ አበራሁ። እሳቱ ውሃውን አላፈላ አለ፣ ውሃው ቧንቧውን አላግል አለ፣ ቧንቧው ቤቱን አላሞቅ አለ፣ ቤቱ ጫጩቶቹን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቶቹ አልበላ አሉ።»

«ይሄን ሁሉ ከምትቆጥሪ ቤንዚን ጠብ አድርጊበት በቃ።»

«ስልኩን ዝጊበት» የሚል ድምፅ በአጥሩ ላይ መጣ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ጎረቤት። «ቤንዚን ጠብ ካደረግሽበት ቤቱንም አንቺንም አንድ ላይ ነው የሚያሞቃችሁ። ቁልፉንም ተይው፣ እጅሽን አንሺ። መጣሁ።»

መፍቻቸውን ይዘው መጡ። ስንዱ ከአጥሩ እስከ ማሞቂያው ድረስ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እሳቱን፣ ውሃውን፣ ቧንቧውን፣ ቤቱን፣ ጫጩቶቹን። ልጇ ጀርባዋ ላይ በእያንዳንዱ «አለ» ይነቀነቃል።

«ናፍጣውስ ነዳጅ አይደል ወይ ጋሼ? ለምን እንደ ቤንዚን እምቢ ሳይል አይነድም?»

«ጠባያቸው ለየቅል ነው ልጄ። ቤንዚን ቁጡ ነው፣ ሽታው ብቻ እሳት ይጠራል። ናፍጣ ቀዝቃዛ ሰው ነው። ተኝቶ ሳለ እሳት ብታሳዪው ቶሎ አይነሳልሽም። በዚህች ቀዳዳ ሾልኮ እንደ ጉም ሲረጭ፣ ያኔ ነው የሚይዘው።» ከማሞቂያው ሆድ አንዲት ጣት የምታክል ናስ ፈትተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ቀዳዳዋ በመርፌ ጫፍ የተወጋች ናት። «አፍንጫው ይሄ ነው።»

ስንዱ አፍንጫውን ወደ አፏ አስጠጋችው። «አንተ አፍንጫ፣ እሳቱ ውሃውን አላፈላ አለ፣ ውሃው ቧንቧውን አላግል አለ፣ ቧንቧው ቤቱን አላሞቅ አለ፣ ቤቱ ጫጩቶቹን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቶቹ አልበላ አሉ። እሳቱን አጉርሰው እንጂ።»

አፍንጫው ምን አለ? «ምኑን ላጉርሰው? እኔ ራሴ ጉሮሮዬ ደርቋል። የሚያጠጣኝ ማጣሪያው ነው። ማጣሪያውን ጠይቂው።»

«ለብረት ታወሪያለሽ?» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

«ሰው ሲመልስልኝ አላየሁማ» አለች ስንዱ። አልቆመችም። ማጣሪያው ከቱቦው መሃል ላይ አለ፣ እንደ ትንሽ ስኒ። «አንተ ማጣሪያ፣ አፍንጫው እሳቱን አላጎርስ አለ፣ እሳቱ ውሃውን አላፈላ አለ፣ ውሃው ቧንቧውን አላግል አለ፣ ቧንቧው ቤቱን አላሞቅ አለ፣ ቤቱ ጫጩቶቹን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቶቹ አልበላ አሉ። አፍንጫውን አጠጣው እንጂ፣ ስለ ማርያም።»

ማጣሪያው ምን አለ? «እኔ ወንፊት ነኝ፤ የመጣልኝን እነፋለሁ። አፌን ጠጣር ነገር ደፍኖኛል። ናፍጣውን ጠይቂው።»

ስንዱ ተነፈሰች። እናንተም ተንፍሱ፣ ገና ነው።

«አንተ ናፍጣ። ማጣሪያው አፍንጫውን አላጠጣ አለ። አፍንጫው እሳቱን አላጎርስ አለ። እሳቱ ውሃውን አላፈላ አለ። ውሃው ቧንቧውን አላግል አለ። ቧንቧው ቤቱን አላሞቅ አለ። ቤቱ ጫጩቶቹን አላሞቅ አለ። ጫጩቶቹ አልበላ አሉ፣ እየሞቱብኝ ነው። በማጣሪያው እለፍ።»

ናፍጣው ምን አለ? ቀዝቃዛ ሰው አይደል፣ ቀስ ብሎ ነው የመለሰላት። «እኔ ከበርሜሉ አልወጣሁም። ያ ማጣሪያው አፍ ላይ ያለው እኔ አይደለሁም። በርሜሉን ጠይቂው።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ማጣሪያውን ፈትተው ወደ ብርሃን አነሱት። አፉ ላይ እንደ መስታወት የጠራ በረዶ ተጋግሯል።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ናፍጣ በብርድ ቢደፈርስ ቢደፈርስ እንዲህ አይጠራም። ወደ በርሜሉ እንሂድ።»

ከቤት ውስጥ የጫጩቶቹ ድምፅ ቀንሷል። ስንዱ ይሄን ሰማች፤ ሮጠች። በርሜሉን በሁለት እጇ መታችው። «አንተ በርሜል፣ ናፍጣው በማጣሪያው አላልፍ አለ፣ ማጣሪያው አፍንጫውን አላጠጣ አለ፣ አፍንጫው እሳቱን አላጎርስ አለ፣ እሳቱ ውሃውን አላፈላ አለ፣ ውሃው ቧንቧውን አላግል አለ፣ ቧንቧው ቤቱን አላሞቅ አለ፣ ቤቱ ጫጩቶቹን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቶቹ አልበላ አሉ። ልቀቀው ናፍጣውን፣ ልቀቀው።»

በርሜሉ ምን አለ? «እኔ ማንንም አልያዝኩም። መውጫዬ ከሥሬ ነው፣ ከሥሬ ደግሞ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። እሱን ጠይቂው።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ባዶ ሃይላንድ አምጥተው ከበርሜሉ ሥር ካለው መክፈቻ ቀዱ። ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ያዙላት። ከታች ውሃ፣ ከላይ ስስ ቢጫ ናፍጣ፣ ልክ ወጥ ላይ እንደሰፈፈ ዘይት።

«ናፍጣ ከውሃ ይቀላል» አሉ። «ውሃ ሁልጊዜ ሥር ነው የሚተኛው። ቱቦሽ ደግሞ ከሥር ነው የሚጠጣው። ጠዋቱን ሙሉ ለማሽኑ ውሃ ነው ያጠጣሽው።»

ስንዱ ጠርሙሱን አየችው። «አንተ የበርሜል ውሃ፣ ምን ልትሠራ እዚህ ተኛህ? በርሜሉ ናፍጣውን አልለቅ አለ፣ ናፍጣው በማጣሪያው አላልፍ አለ፣ ማጣሪያው አፍንጫውን አላጠጣ አለ፣ አፍንጫው እሳቱን አላጎርስ አለ፣ እሳቱ ወንድምህን ውሃውን አላፈላ አለ፣ ውሃው ቧንቧውን አላግል አለ፣ ቧንቧው ቤቱን አላሞቅ አለ፣ ቤቱ ጫጩቶቹን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቶቹ አልበላ አሉ። ተነስ ከመንገድ።»

ውሃው ምን አለ? «እኔ በገዛ እግሬ አልመጣሁም። ያስገባኝ ሰው አለ። ያስገባኝን ጠይቂ።»

«ሻጩ ነዋ» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «ወተት ላይ ውሃ የሚጨምር ናፍጣ ላይ አይጨምርም?»

«ሳይሆን አይቀርም» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እንዲህ ያለውን አልወድም። አሁኑኑ ይሄን ጠርሙስ ይዤ ሄጄ ዓይኑን አያለሁ።» ጠርሙሱን በብብታቸው ያዙ፣ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ወደ በሩ መንገድ ጀመሩ።

ሻጩ ጋ ደርሶ መመለስ እስከ ምሳ ይፈጃል። ሻጩም በተራው «እኔ አይደለሁም፣ ያመጣልኝን ጠይቁ» ይላል። ያመጣለትም ሌላ ሰው ይጠራል። ስንዱ ይሄን ታውቀዋለች፤ ከማለዳ ጀምሮ ሌላ ነገር አልሰማችም። ደግሞም ሌላ የምታውቀው ነገር አለ። ከትናንት ወዲያ በርሜሉ አቧራ ነበረው። በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበችው፣ አለቀለቀችው፣ ትንሽ ደፋ አደረገችው፣ ናፍጣውን ወዲያው ገለበጠችበት። ሳያጥቡ ዕቃ መሙላት አታውቅም።

አማቷን አየች። እውነቱን ከተናገረች አማቷ ለዓመት የሚሆን ወሬ ያገኛሉ። የጫጩቶቹን ድምፅ አዳመጠች። የለም ማለት ይቻላል።

«ጋሼ፣ ቆዩ» አለች። «እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ውሃውን ያስገባሁት። በርሜሉን አጥቤው ነው። ሳይደርቅ ሞላሁበት። ሌላ ሰው የለበትም፣ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ እኔ ነኝ፣ በቃ። አሁን ይሄን መክፈቻ ክፈቱልኝ።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ በሩ ላይ ቆሙ። እማማ ጥሩነሽ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ስንዱ ጠበቀች።

«ዕቃ ሳይታጠብ ይሞላል እንዴ?» አሉ እማማ ጥሩነሽ፣ ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ዞረው። «ሳታጥበው ብትሞላ ኖሮ ነው የምቆጣት።»

«የውሃ ዕቃ ይታጠባል፣ እትዬ ጥሩነሽ። የናፍጣ ግን ይወለወላል።»

«እሱን ማሽኑን የሸጡት ይነግሩ ነበራ። በል አሁን ክፈት፣ ምን ይገትርሃል? ያንን ማጣሪያ ወዲህ በለው።» ማጣሪያውን ተቀበሉና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። የናፍጣው ሽታ ፊታቸውን አጨማደደው፤ እስኪቀልጥ ድረስ ግን አላወጡትም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ መክፈቻውን ከፈቱ። ውሃው ከመንገድ ተነሳ፣ ሁለት ጣሳ ሙሉ ወጣ፣ ቢጫው ሲመጣ ዘጉት፤ ማጣሪያውንና አፍንጫውን ወደ ቦታቸው መለሱ፤ ስንዱ ቁልፉን ተጫነች። ውሃው ከመንገድ ቢነሳ በርሜሉ ናፍጣውን ለቀቀ። በርሜሉ ቢለቅ ናፍጣው በማጣሪያው አለፈ። ናፍጣው ቢያልፍ ማጣሪያው አፍንጫውን አጠጣ። አፍንጫው ቢጠጣ እሳቱን አጎረሰ። እህህህ፣ ጠጠጠ፣ ቡፍ። እሳቱ ተወለደ። እሳቱ ቢወለድ ውሃውን አፈላ፣ ውሃው ቢፈላ ቧንቧውን አጋለ፣ ቧንቧው ቢግል ቤቱን አሞቀ፣ ቤቱም ጫጩቶቹን።

ቶሎ አይደለም። ቤት ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ስንዱ ጥጉ ላይ ተንበርክካ ክምሩን በእጇ ስትበትን ሦስቱ ከሥር አልተነሱም። ሦስቱን በጨርቅ ጠቅልላ አወጣች። ስትመለስ እማማ ጥሩነሽ በርጩማቸውን ቧንቧው አጠገብ አስጠግተው፣ ሁለት እግራቸውን ቧንቧው ላይ አሳርፈዋል።

«እግሬ ደክሞት ነው» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው።

አንድ ጫጩት ከጥጉ ወጣ። ሁለት ርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣ መኖውን አየ፣ ጠቅ አደረገ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ ዘጠና ሰባቱም በአንድ ጊዜ፣ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ።

ተረቴን መልሱ፣ ናፍጣ ሳትሞሉ በርሜሉን አብሱ።