ዋናው ፓምፕ መቼ ሞተ?

አንድ አብራሪ ነበረ። ቆላ ካለች ክሊኒክ በሽተኛ እያነሣ፣ ገደሉን ተሻግሮ ደጋ ካለው ሆስፒታል የሚያደርስ። አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፤ አራት ሰው ከያዘች ጠበበች።

ይቺ አውሮፕላን ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚገፉ ሁለት ፓምፖች አሏት፣ ልጆቼ። ዋናው ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል። ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራ ረዳት ነው፤ ሲነሡና ሲያርፉ ይበራል፣ ከፍታ ሲይዙ ይጠፋል። ሰውየው ግን ማጥፋቱን ተወው። አብርቶ ይነሣል፣ አብርቶ ይሄዳል፣ አብርቶ ያርፋል።

መካኒኩ ጋሽ ሙላት ይህን አዩ።

«ካፒቴን፣ ከፍ ስትል አጥፋውና የነዳጁን ግፊት የሚያሳየውን መርፌ እይ እንጂ።»

«ጋሽ ሙላት፣ ረዳት በዛበት ተብሎ የተከሰሰ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም። ግን ረዳቱ እየሠራልህ፣ ዋናው መሞቱን በምን ታውቃለህ?»

ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አንድ ጠዋት ምጥ የጠናባት ሴት ከነርሷ ጋር አሳፈረ። ሁለት ቀን አምጣለች። ከሜዳው ተነሥቶ ከፍ እንዳለ፣ ገደሉን ፊት ለፊቱ ሲያየው፣ የሽማግሌው ቃል ትዝ አለው። እጁን ሰደደና ረዳቱን አጠፋ።

መርፌው ወደቀ። ሞተሩ ይቆራረጥ ጀመር። ቶሎ መልሶ አበራው፤ ሞተሩ ነፍስ ዘራ።

ዋናው ፓምፕ ሞቷል። ያን ገደል በአንድ ረዳት፣ ያውም በባትሪ፣ እንዴት ይሻገረው? አውሮፕላኗን አዞረ።

«ካፒቴን፣ ምነው ተመለስን? ሆስፒታሉ ወዲያ ነው እኮ» አለች ነርሷ። ሴትዮዋ ታቃስታለች።

ከተነሣበት ሜዳ አረፈ። ሴትዮዋን በመኪና ወሰዷት፤ መንገዱ ስድስት ሰዓት ፈጀ። እናትየዋ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ወሬው ሲደርሰው ክንፉ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። «ጋሽ ሙላት፣ መቼ ነው የሞተው?»

ሽማግሌው ፓምፑን ፈተው ይዘውታል። አልተቆጡትም። «ትናንት ይሁን፣ የዛሬ ወር ይሁን፣ በምን ይታወቃል ልጄ? አንድ ቀን አይተኸው ቢሆን፣ በማግስቱ በቀየርኩልህ ነበር።»

ልጆቼ፣ ረዳት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ያን ቀን እነሱን በሰላም ያወረዳቸው ረዳቱ ነው። ግን ስንቶቻችን ነን በእናታችን ጸሎት የምንበር? ሚስቱ ካልቀሰቀሰችው ቤተ ክርስቲያን የማይመጣ፣ ጎኑ ያለው «አሜን» ሲል ብቻ «አሜን» የሚል፣ ከመካከላችን የለም? ሞተሩ ድምፁ ያው ነው፤ ስለዚህ ደህና ነን እንላለን። ያቺ የምትጸልይልን እናት ከዚህ ዓለም የተለየች ዕለትስ?

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ብቻችሁን ሁኑ። የሚቀሰቅስ ሳይኖር፣ የሚያይ ሳይኖር ተንበርከኩ። መርፌውንም እዩ። ወድቆ ብታገኙት አትደብቁት። ሜዳው ገና ከሥራችሁ ነው፤ ተመለሱ። የሚቀይርላችሁ ጌታ አይቆጣችሁም።

ብቻ ዛሬ ነገ አትበሉ። ከኋላችሁ ሰው ተሳፍሯል።