የመሪጌታ ላቀው የማርያም ቀኖች

በጉም አምባ፣ ልጁን ከጉያው አላወርድ ያለ አባት ወይም ለሙሽራ ልጇ በቀን ሦስቴ አገልግል የምትልክ እናት በታየች ቁጥር ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት ምሳሌ አለች። ስለ መነሻዋ ብዙ ተቀባጥሯል። የጎመን ገበሬ ነው የጀመራት የሚሉ አሉ፤ ይህ ነገር ከጎመን ጋር በምን እንደሚገናኝ ሲጠየቁ ግን መልስ የላቸውም። ከመስኖ መጣች የሚሉም አሉ። በጉም አምባ መስኖ? ዝናቡ መች ፋታ ሰጥቶ! ምሳሌዋን የወለዷት አንድ ሊቅ፣ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮና ከሎሚ የማትበልጥ አንዲት ተክል ናቸው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ሊቁ መሪጌታ ላቀው ይባሉ ነበር። ድጓውን ከነምልክቱ፣ ባሕረ ሐሳቡን ከነስሌቱ የያዙ፣ አጽዋማትንና በዓላትን በጣታቸው አንጓ ቆጥረው የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ተዋበች በወጣትነቷ ስትቀጠፍ አንዲት ሴት ልጅ ተወችላቸው፤ ስንዱን። መሪጌታ ያቺን ልጅ እንዴት እንዳሳደጓት አገር ያውቃል። ትምህርት ቤት አድርሰዋት አይመለሱም፤ መስኮቱ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ብርድ ነው ብለው ሹራብ በሹራብ ላይ ይደርቡባታል። ጎረምሳ አጮልቆ እንዳያያት የአጥሩን ሽንቁር ሁሉ በጭቃ ደፈኑ። አምስት ጊዜ ሽማግሌ ተላከባት፤ አምስቱንም መለሱ። አንዱ ሳቁ ይበዛል፣ አንዱ አያቱ አይታወቅም፣ አንዱ ደግሞ ሲራመድ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ስንዱ ሽማግሌም ሳትጠብቅ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አግብታ በጠዋት ወጣች። ስትወጣ የያዘችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቷን ሻሽና እናቷ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ የተከለቻትን ተክል። ሦስት ዓመት ሙሉ አባትና ልጅ አልተያዩም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሰኔ መባቻ፣ ስንዱ ሆዷ ገፍቶ በአባቷ ደጃፍ ቆመች። በእጇ ቆርቆሮዋን ይዛለች።

«አባባ፣ ልወልድ ነው። ደሴ አክስቴ ዘንድ ልሄድ ነው፤ ሐኪምም እዚያ አለ።»

መሪጌታ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ከሆዷ ወደ ቆርቆሮው ወረደ።

«ይችን እስክመለስ ይያዙልኝ ብዬ ነው።»

«እኔ?»

«የእናቴን ነገር ከርስዎ በቀር ለማን አምኜ ልስጥ?»

ስንዱ ይህን ስትል ምን እንደሰጠቻቸው ታውቅ እንደሆነ እንጃ። መሪጌታ ግን አወቁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አምኗቸው አልሰጣቸውም ነበር። ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው፣ ጽዋ እንደሚቀበሉ ሆነው ተቀበሉ። የተክሏን ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቅጠሏ ሥጋ የለበሰ፣ እንደ ጽጌረዳ ዙሪያዋን የተደራረበ ስለሆነ የእንዳሁላ ዘመድ ናት ይሏታል። ጫፍ ጫፏ ቀላ ያለ፣ ላይዋ አመድ የተነሰነሰባት የምትመስል ትንሽ ነገር ናት።

«ምን ትፈልጋለች?» አሉ መሪጌታ።

«ምንም። ፀሐይ የሚያገኛት ቦታ ያስቀምጧት። ውኃ በማርያም በማርያም ብቻ፣ አንዲት ጉንጭ። እናቴም እንዲያ ነበር የምታደርገው።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስንዱ እንደ ማንም የአገሩ ሰው ማርያም ስትል ወር በገባ በሃያ አንድ ማለቷ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሰምቷት ቢሆን ኖሮ በወር አንዴ ጠብ አድርጎላት ተክሏም በተረፈች። የሰማት ግን ሊቅ ነው! መሪጌታ ልጃቸውን ሸኝተው እንደተመለሱ ጣታቸውን ዘረጉ። በአንድ ልደታ ለማርያም ናት። በሦስት በዓታ ለማርያም። በስድስት ቁስቋም ማርያም። በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፤ እሷስ ማርያም አይደለችምን? በሃያ አንድ ማርያም። በሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ ነው፤ እርግጥ የልጇ ቀን ነው፤ ግን ልጇን ትቶ እናቱን ማክበር ምን ይሉታል? እንዲህ አድርገው በወር ስድስት ቀን ወሰኑላት። ጉንጭ የተባለውም አነሰባቸውና በጣሳ ሆነ።

ውኃው በቆርቆሮው ቂጥ ሲንጠባጠብ ደግሞ ተናደዱ። ተዋበች በምስማር የበሳቻቸው ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩ።

«ለእሷ የተሰጠውን መሬት ሊጠጣው ነው እንዴ!» ብለው ከጧፍ ሰም ቆርሰው ሦስቱንም ደፈኑ።

ጎረቤታቸው አያ ይማም ይህን ሁሉ በአጥር ላይ ሆነው ያያሉ። አያ ይማም በጉልምስናቸው ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው በግመል የሚያወጡ ነጋዴ ነበሩ፤ ከመሪጌታ ጋር አርባ ዓመት በጉርብትና ተከራክረዋል።

«ጌታው፣ ዛሬም ማርያም ናት?»

«በዓታ ናት።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ልደታ። ምን አገባህ?»

«የለም፣ ይችን ነገር አውቃታለሁ ብዬ ነው። ስሟን ሳይሆን ጠባይዋን። ግመል ናት። ቅጠሏን ዳብሰው፤ ስልቻ ነው። ውኃዋን ተሸክማ ነው የምትኖር። ግመልን በየመንደሩ ቁሚ ጠጪ ብትላት ምን ትሆናለች?»

«የእመቤታችንን ቀን አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

«መርየምን እኛም እናከብራታለን፤ ተክል አስጥማ ግን ሰምቼ አላውቅም» አሉ አያ ይማም። መሪጌታ በሩን ወርውረውባቸው ገቡ።

ሐምሌ ጨለመ። ጉሙ ከደጃፍ አልነሣ ሲል መሪጌታ ተክሏ በረዳት ብለው አሮጌ ጋቢያቸውን ጠቀለሉባት። ሲጠቀልሉ ሦስት አራት ቅጠል ተቀነጠሰ። ጠርገው ከደጁ የድንጋይ ካብ ላይ፣ ከቤቱ ክዳን ጥላ ሥር፣ ጣሏቸውና ረሷቸው። ቅጠል ስትጥል አይተው ግን «ጠምቷታል» አሉ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ የማን ጾም ነው? የማርያም! አሥራ አምስቱንም ቀን! መሪጌታ በየማለዳው ከሰዓታት ሲመለሱ አፋቸው እህል ሳይቀምስ፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ፣ ጣሳቸውን ይዘው ቆርቆሮዋ ዘንድ ይቀርባሉ። ሲያጠጧት ያወሯታል። «የተዋቡዬ እጅ ነው የተከለሽ፤ ለስንዱ አቁሚልኝ» ይሏታል። ቅጠሏ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ። ወዛች ብለው ደስ አላቸው።

በጳጉሜ ከደሴ ደብዳቤ መጣ። «አባባ፣ ሐምሌ ስድስት ሴት ልጅ ተገላገልኩ። ክርስትናዋ በርስዎ ቤት እንዲሆን እፈልጋለሁ» ይላል። መሪጌታ ጣታቸውን ዘርግተው ሰማንያውን ቀን ቆጠሩ፤ መስከረም ሃያ አንድ ላይ ዋለ። ማርያም! እያለቀሱ ወደ ቆርቆሮዋ ሮጡ፤ ደስታውን ለእሷም ሊነግሯት። አቧራ ያዘሽ ብለው አናቷን ቢነኩት እጃቸው ላይ ወደቀች። ከሥሯ ምንም የለም። ጥቁር ጭቃ ብቻ፣ የሚከረፋ።

መሪጌታ በዚያ ሳምንት ሰው ሆነው አልዋሉም። አንድ ቀን ገደል ወርደው የዱር እንዳሁላ ነቅለው አመጡና በቆርቆሮው ተከሉት። እንዳሁላው እንደ ሐሰተኛ ምስክር ቀጥ ብሎ ቆመ። እስከ ማታ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ማታ ላይ ነቀሉት።

ስንዱ በመስከረም ሃያ፣ ልጇን አዝላ መጣች። መሪጌታ ሕፃኗን ለማየት እንኳ ቀና አላሉም።

«ስንዱዬ፣ ገደልኳት።»

ስንዱ ደነገጠች። «ማንን?»

«የእናትሽን ተክል።»

«እንዴት ሆና ሞተች?»

«በማርያም።»

«አይማሉብኝ አባባ፤ እንዴት እንደሞተች ብቻ ይንገሩኝ።»

«መማሌ አይደለም! በማርያም ነው የሞተችው።»

ጣታቸውን ዘርግተው ቆጠሩላት። ልደታ፣ በዓታ፣ ቁስቋም፣ ኪዳነ ምሕረት… ፍልሰታ ላይ ሲደርሱ ስንዱ በአፏ ሻሽዋን ነክሳ ሳቀች። ቆርቆሮውን ገልብጣ የሰሙን ድፍን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። በጥፍሯ ቀስ ብላ አነሣችው። ቀና ብላ አጥሩን አየች፤ በጭቃ የተደፈኑት ሽንቁሮች እንዳሉ ናቸው።

«እኔንም እኮ እንዲሁ ነበር» አለች በዝግታ።

መሪጌታ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅስ አጡ።

ስንዱ የሕፃኗን ጨርቅ ልታሰጣ ወደ ካቡ ሄደች፤ ወዲያውም ጮኸች። አያ ይማም በአጥር ላይ ብቅ አሉ፤ መሪጌታም እየተደነቃቀፉ ደረሱ። በደረቁ ድንጋይ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር፣ የተጨማደዱ ቅጠሎች ተጋድመዋል። ከእያንዳንዳቸው ጫፍ እንደ ክር የቀጠነ ሮዝ ሥር ወጥቷል፤ ከሥሩ በላይ ደግሞ ከምስር የማትበልጥ፣ የተደራረበች፣ ጫፏ የቀላች ትንሽ ጽጌ ተቀምጣለች።

«ማነው እዚህ ያኖራቸው?» አለች ስንዱ።

«የጣልኳቸው ናቸው» አሉ መሪጌታ።

«ማን አጠጣቸው?»

«ማንም።»

«ማን አለበሳቸው?»

መሪጌታ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨበጡ። አያ ይማም ሳላቸውን ሳሉ።

ስንዱ አንዷን በመዳፏ አንሥታ ለአባቷ ሰጠቻቸው። «እናቴ ስታራባቸው እንዲህ ነበር፤ ጥላ ትረሳቸዋለች። ይችን ደግመው ይያዙልኝ። ውኃ በማርያም።»

«በየትኛዋ?»

«በሃያ አንዷ፣ አባባ! በሃያ አንዷ ብቻ!»

በማግስቱ ሕፃኗ ተጠምቃ ወደ ቤት ስትመለስ ደጁ በሰው ሞላ። መሪጌታ የልጅ ልጃቸውን ታቀፉ። አንድ ነጠላ ለብሳለች፤ በላዩ ፎጣ አለ፤ በፎጣው ላይ የአክስቷ ብርድ ልብስ አለ። ፀሐይዋ የመስከረም ፀሐይ ናት። መሪጌታ የሕፃኗን ፊት አይተው አዘኑ፤ «በርዷታል» ብለው ከትከሻቸው ያችኑ አሮጌ ጋቢ ሊያወርዱ ጎተቱ። ሕፃኗ ፊቷ በርበሬ መስሎ ታለቅሳለች። ስንዱ ከወዲያ ሆና አየች።

አያ ይማም የመሪጌታን እጅ ከጋቢው ላይ ቀስ ብለው ያዙ። መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ጋቢው ከእጃቸው ወደቀ። ራሳቸው ብርድ ልብሱን ገለጡላት፤ ፎጣውንም አላሉላት። ሕፃኗ አንድ እጇን አውጥታ የአያቷን ጢም ጨበጠችና ለቅሶዋን ተወች።

አያ ይማምም የጓደኛቸውን እጅ እንደያዙ፣ በደጁ የተሰበሰበው ሁሉ እየሰማ፣ «አዎ ጌታው፣ እንዲህ ነው፤ ሲሳሱ ሲያጠጡ፣ ሥሩን አጡ» አሉ።