ከካርታው የተፋቀው የምንጭ መንገድ

እንስሳት ርስት ይዘው ከዋርካ ሥር በሚሟገቱበት በዚያ በሩቅ ዘመን፣ ስሟ በተረሳ አገር አንዲት ኤሊ ትኖር ነበር። እመት ኤሊ በየማለዳው ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች የከርከሮን ማሳ ታልፋለች፣ የአያ ጅቦን ማሳ ታልፋለች፣ ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ደርሳ ውኃ ትጠጣለች። ሌላ ውኃ ያለው ከተራራው ማዶ ነው፤ ለሚዳቋ የግማሽ ቀን መንገድ ሲሆን ለኤሊ ሁለት ቀን፣ አይደለም፣ ተሳሳትሁ፣ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሦስት ቀን ደግሞ በጥም ይገድላል።

አንድ ቀን ዳኛው ዝሆን አዋጅ አስነገረ፤ «የአገሩ መንገድ ሁሉ በካርታ ይሣል። በካርታው የሌለ መንገድ፣ መንገድ አይባልም፤ የባለ መሬቱ ማሳ ነው።» ጸሐፊው ጃርት ከገዛ ጀርባው እሾህ ነቅሎ፣ ቀለም ነክሮ፣ በብራናው ላይ መንገዱን ሁሉ ሣለ።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ በማሳው ያለውን መንገድ አርሶ ባቄላ ዘራበት፤ አጠረውም። ከዚያም ሄዶ አቤት አለ።

«ጌታዬ፣ በማሳዬ ላይ የሌለ መንገድ ተሥሎብኛል፤ ይፋቅልኝ።»

«አያ ጅቦ፣ ባለፈው ሳምንት በዚያው ሳልፍ እንደምን አደርህ ብዬህ የለም?» አለች እመት ኤሊ።

«ድምፅ ሰምቼ ይሆናል። ዞር ብል ግን ድንጋይ እንጂ ሰላምተኛ አላየሁም።»

ጉባኤው ሳቀ። ዝሆን «ምስክር አለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ወደ ሚዳቋ ብትመለከት ሚዳቋ ሣር ትግጣለች፤ ወደ ጥንቸል ብትመለከት ጥንቸል ጆሮዋን ታክካለች። የጅብን ጥርስ ሁሉም ያውቀዋል። መንገዱ ይፋቅ ተብሎ ተፈረደ።

ጃርት ቢላዋውን አነሣ። «ከየት እስከ የት ልፋቅ?»

እመት ኤሊ ጥቂት አሰበችና አንገቷን አወጣች። «ጌታዬ፣ ተረትቻለሁ። ነገር ግን መሐሉ የተቆረጠ መንገድ የትም አያደርስም። ከዋርካው እስከ ምንጩ እንዳለ ይፋቅ።»

«ራሷ ፈረደች» አለ አያ ጅቦ። «እኔም እስማማለሁ፤ እንዳለ ይፋቅ።»

ተፋቀ።

አያ ጅቦ እየፎከረ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ጎረቤቱ ከርከሮ ጥርሱን፣ ክራንቻውን ማለቴ ነው፣ በድንጋይ እየሳለ ከማሳው ዳር ቆሟል።

«ወዴት ነው አያ ጅቦ?»

«ወደ ቤቴ ነዋ።»

«ይህ እኮ የኔ ባቄላ መዝሪያ ነው። መንገድ እንደሌለበት አንተው ተስማምተህ መጣህ።»

የአያ ጅቦ ቤት ግራና ቀኙም ኋላውም ገደል ነው። ልጆቹ ከወዲያ ማዶ ይጮኻሉ፤ እሱ ከወዲህ ሁለት ሌሊት ውጭ አደረ። በሦስተኛው ቀን ከዋርካው ሥር ተገኘ።

«ጌታዬ፣ መንገዱ ይመለስልኝ።»

«ምስክር አለህ?»

አያ ጅቦ ዙሪያውን አየ። ሚዳቋ ሣሯን፣ ጥንቸል ጆሮዋን ይዛለች። «እመት ኤሊ፣ እባክሽ» አለ።

«እመሰክራለሁ» አለች። «እኔ የማውቀው መንገድ ግን ከደጅህ አይቆምም፤ ባቄላህን አቋርጦ እስከ ምንጩ ይደርሳል። እሱን ልመስክር ወይስ ዝም ልበል?»

አያ ጅቦ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እስከ ምንጩ ይሁን» አለ።

ጃርት ሌላ እሾህ ነቀለ። እመት ኤሊም ቀለሙ እስኪደርቅ አልጠበቀችም፤ ጠምቷት ነበርና ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች ወደ ውኃዋ ወረደች።

በዚያ አገር የሚሟገቱ ሁሉ እንዲህ ይባባላሉ፦ የሰው መንገድ ያጠረ፣ ከቤቱ ውጭ አደረ።